«በእግዚአብሔር እታመናለሁ» እያልን የምንሠራቸው ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ የእግዚአብሔር ስም ከሰው አፍ አይጠፋም። ገበሬው ሞፈር ቀንበሩን ሲያነሣ፣ ነጋዴው ሱቁን ሲከፍት፣ እናት ልጇን ወደ ሩቅ አገር ስትሸኝ «እሱ ያውቃል»፣ «እንደ ፈቃዱ ይሁን»፣ «መድኃኔዓለም ይከተልሽ» ይባላል። ከአባቶቻችን የወረስነው ይህ ልማድ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉ ያለ ችግር ከአፋችን የሚወጣ በመሆኑ፣ የምንናገረው እምነትና የምንኖረው ኑሮ የት ላይ እንደተለያዩ ቆም ብለን ሳናይ ዘመናችን ያልፋል። ሊከተለው የሚወድ ሁሉ መስቀሉን «ዕለት ዕለት» እንዲሸከም ጌታ ማዘዙን ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 9 ጽፎልናል፤ ስለዚህ እምነታችን ከበዓል ቀን ይልቅ በማሳ፣ በገበያ፣ በሕመምና በለቅሶ ቤት ይፈተናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች መልካቸው የተለያየ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስለኛል፤ እሱም የነገሩን ፍጻሜ አስቀድሞ በእጅ ለመጨበጥ መፈለግ ነው። ስለቱም፣ ጥንቆላውም፣ የገበያው ማጭበርበርም፣ በችግረኛ ላይ መፍረዱም ሳይቀር፣ ውጤቱን ሳናውቅ መታዘዝ ስለሚከብደን የምንይዛቸው መሸሻዎች ናቸው።

ሥራውን ለእግዚአብሔር ትቶ መቀመጥ

የተጉለት፣ የመንዝና የጣርማበር ደጋ ገበሬ ሰማዩ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በልጉ ይቀራል፤ በክረምት በረዶ ይወርዳል፤ ገብሱና ባቄላው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በጥቅምትና በኅዳር የሚወርድ ውርጭ የዓመት ልፋትን በአንድ ሌሊት ያጠቁራል። በእንዲህ ያለ አገር ዘር መበተን ራሱ የእምነት ሥራ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ቶሎ የሚደርስ ዘር ማፈላለግ፣ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ማንጣፈፍ፣ ከጥጋብ ዘመን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ፣ ጥቂት ብርም ቢሆን መቆጠብ እንደ እምነት ማነስ ሲቆጠር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሚገኘው «ለነገ አትጨነቁ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በዚህ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የከለከለው ጭንቀትን እንጂ አርቆ ማሰብን አይደለም። ዮሴፍ ሰባት የረሃብ ዓመታት እንደሚመጡ ከእግዚአብሔር ከተረዳ በኋላ፣ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እየተሰበሰበ በጎተራ እንዲከማች ለፈርዖን መክሯል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ የጻፈው፣ እምነት አለን እያሉ ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ ይገቡ ስለነበሩ ክርስቲያኖች ነው።

የዚህ ስህተት ሌላው መልክ ድፍረት ነው። ወጣት ሴቶች ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሲሄዱ እናት ጧፍ ታበራለች፣ ትሳላለች፣ አልቅሳ ትሸኛለች። አገናኙ ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለው፣ የሥራ ውሉ ምን እንደሚል፣ የውሉ ቅጂ ቤት ውስጥ መቅረቱን፣ ልጅቱ ችግር ቢገጥማት ለማን እንደምትደውል የሚጠይቅ ሰው ግን በየቤቱ አይገኝም፤ ጠያቂ ቢመጣም መልሱ «ለእመቤቴ ሰጥቻታለሁ» የሚል ነው። ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ ሰይጣን የጠቀሰለት የመዝሙር ቃል እውነተኛ ቃል ነበር። መላእክት እንደሚጠብቁ በእርግጥ ተጽፏል፤ ጌታ ግን አልዘለለም፤ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ደግሞ መጻፉን አስታወሰው። መጠየቅ ሲቻል ሳይጠይቁ ልጅን መስደድ ከዚያ ዝላይ የሚለየው እምብዛም ነው።

ስለትን እንደ ውል መቁጠር

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ በንግሥ ቀን የተገኘ ሰው ስለት እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። ምንጣፍ፣ ጥላ፣ እጣንና ሻማ፣ ገንዘብ፣ ሙክት በግ ይመጣል፤ በድምፅ ማጉያ «ልጅ ሰጥታቸው»፣ «ከሕመም አድናቸው» እየተባለ የተሳለው ሰው ጉዳይ ይነገራል፤ ሕዝቡም በእልልታ ያመሰግናል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረትም አለው። ሐና በሴሎ መቅደስ በመረረ ልቅሶ ተስላ ሳሙኤልን ተቀብላለች፤ ጡት ካስጣለችው በኋላም እንደ ቃሏ ወስዳ ሰጥታዋለች።

ይሁንና በዚያው ሕዝብ መካከል የተሳለችው ያልተፈጸመላት ሴት ቆማለች። ስሟ በድምፅ ማጉያ አይጠራም፤ እልልታም አይደርሳትም። ዓመት በዓመት እየመጣች፣ ስለቷን ከሻማ ወደ ምንጣፍ፣ ከምንጣፍ ወደ ሙክት እያሳደገች፣ «ምን ጎድሎብኝ ይሆን?» እያለች ትመለሳለች። ለእግዚአብሔር የምታቀርበው ዋጋ ያነሰ መስሏታል። ይህን እንድታስብ ያደረግናት እኛ ነን፤ የተፈጸመውን ብቻ እየተናገርን፣ ያልተፈጸመውን የእምነት ጉድለት አስመስለነዋልና። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ የሐዋርያው ስለት አንሶ ነው የሚል ክርስቲያን ደግሞ የለም። ስለት ከልብ የሚወጣ የምስጋና ቃል ኪዳን ነው። «ይህን ካደረግህልኝ ይህን እከፍላለሁ፤ ካላደረግህ ግን አልመጣም» የሚል መንፈስ ሲገባበት ግን ምስጋናነቱ ያበቃና እግዚአብሔርን ባለ ዕዳ ለማድረግ የሚደረግ ሙከራ ይሆናል።

ሌላም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚሳለው የራሱ ያልሆነውን ነው። ባል ለሚስቱ ሳያማክር የቤቱን አንድ ወይፈን ይሳላል፤ እናት ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የተቀመጠውን ብር ትሳላለች፤ አንዳንዱም ስለቱን ለማድረስ ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲከፍል ይከርማል። ዮፍታሔ በጦርነት ዋዜማ ሳያስብ የተሳለው ስለት በገዛ ልጁ ላይ ያመጣውን ሐዘን መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 የመዘገበው ለእኛ ትምህርት ነው። በችግር ጊዜ ከአቅም በላይ የተሳለ ሰው ቢኖር በጭንቀት ከመኖር ወይም በዕዳ ከመዘፈቅ ይልቅ ነገሩን ለንስሐ አባቱ ገልጦ ምክር ይቀበል። የንስሐ አባት የተሾመው ለእንዲህ ያለው ሸክም ጭምር ነውና። ተዝካርና ዝክር በብድር የሚያወጡ ቤቶችም ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም።

ጠበልን ከመድኃኒት ማጣላት

ይህ ስህተት ነፍስ የሚያጠፋ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። በጠበል የተፈወሱ ሰዎች ምስክርነት በየደብሩ ይሰማል፤ ጠበሉን ማቃለል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን «መድኃኒቱን ካልተውኩ እምነቴ ሙሉ አይሆንም» ብሎ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጠበል የሚገባ ሰው አለ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አሠራር 6 ወር ይፈጃል፤ ሕመምተኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ሲቀልለውና ምግብ ሲስማማው የዳነ ይመስለዋል። በዚህ መካከል መድኃኒቱን ሲያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ተለማምዶ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለማዳን ከፊተኛው የበለጠ ይከብዳል። ጠበልተኛው በጠባብ መጠለያ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያድር በመሆኑም፣ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሳል ከእሱ ጋር ለተኙት ወንድሞችና እኅቶች ይተርፋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውማ መርፌውን ከተወ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ለባለ መድኃኒት ተገቢውን ክብር እንድንሰጥ፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑንና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይነግረናል። የምክሩም ቅደም ተከተል ግሩም ነው፤ በታመምህ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጸልይ፣ ከኃጢአት ራቅ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ ስጠው ይላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በአደባባይ አስተምረዋል። ጠበል የሚያጠምቁ አባቶችና አገልጋዮች ሕመምተኛው ሲመጣ «የምትወስደው መድኃኒት አለ? ይዘኸዋል?» ብለው መጠየቅን ልማድ ቢያደርጉት ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

ጾሙን እየጠበቁ ሚዛኑን አለመጠበቅ

የፋሲካ ሰሞን ቅቤ ይወደዳል። ገና ሁዳዴው ሳይፈታ፣ በቅዳሜ ገበያ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ የተቀመጠች ሴት እንመልከት። ገዢው መጥቶ ሲጠይቅ ከቅቤው ላይ በጣቷ ጫር አድርጋ ታሸትተዋለች፤ ከዚያም ጣቷ ላይ የቀረውን ሳትልስ በጥንቃቄ በሣሩ ላይ ትጠርገዋለች፤ ጾም ነዋ። የድቡልቡሉ ላይኛው ክፍል ለጋ የላም ቅቤ ነው፤ መሐሉ ግን ከሱቅ የተገዛ የአትክልት ቅባት ነው። ይህች ሴት ቀልዳ አይደለም ጣቷን የጠረገችው፤ ጾሟን በእውነት ታከብራለች። ያልታያት፣ በአንድ ጣት ለምትጠነቀቅለት አምላክ ሌላው ድቡልቡል ሁሉ የተገለጠ መሆኑ ነው። የሌላ አገር ጤፍ «የምንጃር ነጭ ጤፍ ነው» ብሎ የሚሸጠው ነጋዴም፣ እህሉን በውሃ ረጭቶ ሚዛኑን የሚያከብደውም ከእሷ የተለየ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን የደነገገቻቸው ሰባት አጽዋማት አሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህን ያህል ቀን ለጾም የሰጠ ሕዝብ መብሉን ከመተው ያለፈ ፍሬ ማፍራት ነበረበት። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የጾመኞችን በደል ሲዘረዝር ሠራተኞቻቸውን ማስጨነቃቸውን ቀድሞ ያነሣል። ይህ ቃል ዛሬ ወደየቤታችን ይገባል፤ እመቤቲቱ ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ስትነሣ ከእሷ ቀድማ የምትነሣው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ የምታበስለው፣ ደመወዟ ግን ለወራት የሚያድርባት የቤት ሠራተኛ ስለ እመቤቷ ጾም ምን ትላለች?

ይህን ስህተት በእምነት ጉዳይ ውስጥ ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በሚዛን የሚያታልለው ብዙ ጊዜ ክፉ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ስለሚፈራ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ፣ ኑሮው ተወድዷል፤ በቀና ሚዛን ብሸጥ እተርፋለሁን? ብሎ ይሰጋል። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ብሎ ጠዋት የጸለየውን ጸሎት ቀትር ላይ በሚዛኑ ይሽረዋል። በቀና ሚዛን ሸጦ ትርፉ ያነሰበት ነጋዴ በእግዚአብሔር መታመን ምን እንደሚጠይቅ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያውቀዋል። ዘኬዎስ ሲመለስ ያታለላቸውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ንስሐው በገንዘብ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። በገበያ የበደለ ሰውም ንስሐ ሲገባ «በድያለሁ» ከማለት አልፎ ለማን ምን እንደሚመልስ ከንስሐ አባቱ ጋር ሊነጋገር ይገባዋል።

ፍጻሜውን ከሌላ ደጅ መጠየቅ

በደብረ ብርሃን ከተማ ታሪክ ውስጥ ይህን ነገር የሚመለከት አንድ ትልቅ ምዕራፍ አለ። ከተማዋን የመሠረታት፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ከሕዝቡ ለመንቀል ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሰዎች የሥላሴን ስም በግንባራቸው፣ ዲያብሎስን መካዳቸውን የሚገልጽ ቃል ደግሞ በእጃቸው ላይ እንዲያደርጉ አዝዟል፤ በዚሁ ክስ የገዛ ልጆቹ እንኳ ከቅጣት አልዳኑም። ንጉሡ አለፈ፣ አዋጁም አለፈ፤ ከ550 ዓመታት በኋላም ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሶ ማታ በጓሮ በር ወደ ጠንቋይ ቤት የሚገባ ሰው አልጠፋም። በግንባር የተጻፈ ቃል ልብ ውስጥ ያለውን ፍርሃት አይደርስበትም።

ዛሬ ነገሩ ብዙ መልክ አለው። ኮከብ የሚያስቆጥር አለ፤ «ለወጉ ነው» እያለ በቡና ስኒ የሚያስነብብ አለ፤ በስልኩ መስኮት በሚመጣ «ትንቢት» መሠረት ንግዱን የሚከፍትና የሚዘጋ አለ። ብዙዎች ይህን ሲያደርጉ እግዚአብሔርን የካዱ አይመስላቸውም፤ ትንሽ ፍንጭ ብቻ የፈለጉ ይመስላቸዋል። ንጉሥ ሳኦልም ወደ መናፍስት ጠሪዋ ሴት የሄደው እግዚአብሔርን ጠይቆ መልስ ባጣ ጊዜ ነበር። ዝምታውን መሸከም አልቻለም። ከዚያ ቤት ያገኘው እውቀት ደግሞ ለነገው ጦርነት ምንም አልረዳውም፤ ጉልበቱን አፍስሶ በምድር ላይ ጣለው እንጂ።

ቁርባንን ለሽምግልና ማቆየት

በየደብሩ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርቡትን ብናይ ሕፃናትና አረጋውያን ይበዛሉ። መካከሉ ባዶ ነው። ከ15 እስከ 50 ዓመት ያለው፣ የሚሠራው፣ የሚያገባው፣ የሚፈተነው፣ እርዳታ እጅግ የሚያስፈልገው ምእመን በቅዳሴው ቆሞ ሳይቀበል ይመለሳል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ንጹሕ የሆነ እንዲቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ ግን እንዳይቀበል ያውጃል፤ ብዙዎቻችን የዐዋጁን ሁለተኛ ክፍል ለዕድሜ ልክ እንደተሰጠ ፈቃድ ይዘነዋል። ማስጠንቀቂያው ወደ ንስሐ እንዲነዳን የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ ቤት ለመቅረት ምክንያት አደረግነው።

የፍርሃቱ ልብ ምን እንደሆነ በየዐውደ ምሕረቱ ጥግ ከሚደረጉ ንግግሮች ይሰማል። ከገጠር መጥቶ በደብረ ብርሃን ፋብሪካ የተቀጠረ ወጣት ከቅዳሴ በኋላ ወደ አንድ ካህን ቀርቦ መስቀል ይሳለምና፣ «አባ፣ ብቆርብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ራሴን አላምነውም። ቆርቤ ብወድቅስ?» ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ጴጥሮስ መቼ ነው የወደቀ?»

«ጌታ በተያዘ ጊዜ ነዋ፣ አባ።»

«በዚያችው ሌሊት እኮ ነው። ሥጋውን ደሙን ተቀብሎ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ካደ። ጌታ እንደሚወድቅ እያወቀ ሰጠው፤ ወድቆም አልቀረም። አንተ ራስህን እንድታምን ማን አዘዘህ? ንስሐህን ግባ፣ ቀኖናህን ጨርስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ወጣቱ የፈለገው ዋስትና ነበር፤ ከእንግዲህ እንደማይወድቅ ማረጋገጫ ካላገኘ ላለመጀመር ወስኖ ነበር። ካህኑ ይህን ዋስትና አልሰጡትም፤ የነገውን ሳይሆን የዛሬውን ሥራ አሳዩት። እርግጥ ነው፣ የጋብቻው ሁኔታ ወይም የኑሮው መልክ በጊዜው ሊስተካከል የሚገባው ሰው ይኖራል፤ ይህም ቢሆን የሚፈታው በመቅረብ እንጂ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላ በመራቅ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ያለ አባት መኖር ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሥራ ወደ ከተማ የመጣ ሰው የንስሐ አባቱን አገር ቤት ትቶ ይመጣል፤ በከተማው ሌላ ሳይዝ ዓመታት ይቆጠራሉ፤ ጽዋ ማኅበርም ሰንበቴም የለውም። «እኔና እግዚአብሔር እንተዋወቃለን» የሚል መልስ አለው። የቡልጋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሁሉ ዘንድ የሚታወቁት በአንድ እግራቸው ለሰባት ዓመት ጸልየዋል በሚለው የገድላቸው ታሪክ ነው፤ በሥዕሉም ክንፋቸውንና የተቆረጠች እግራቸውን እናያለን። ሥዕሉ የማያሳየን፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተቀምጠው የታዘዙባቸውን ዓመታት ነው። የእሳቸው ያህል ሰው መካሪ አባት ካስፈለገው፣ የእኛ ብቻን መሄድ ከድፍረት በቀር ምን ይባላል?

በመከራ ላይ ያለውን መመርመር

የመጨረሻው ስህተት ከሁሉ ይልቅ ሃይማኖተኛ የሚመስለው ነው። ሰው ልጁ ሲሞትበት፣ ቤቱ ሲቃጠልበት፣ መሬቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ «ምን አድርጎ ይሆን?» ብለን እንጠይቃለን፤ አፍ አውጥተን ባንናገረውም በልባችን እንፈርዳለን። አጣዬ በ2013 ዓ.ም ስትቃጠል፣ ከልዩ ልዩ ስፍራም የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጡ፣ ጥፋቱን ሁሉ በተጎጂው ኃጢአት የተረጎመ ሰው አልታጣም። እንዲህ የምንለው ክፋት ኖሮብን ብቻ አይደለም፤ መከራው ምክንያት ካለው በእኛ ላይ እንደማይደርስ እርግጠኞች ለመሆን ስለምንፈልግ ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ነገር በተነሣ ጊዜ ጌታችን በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ ጥያቄውን ወደ ጠያቂዎቹ መለሰው፤ ንስሐ ግቡ አላቸው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉም እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ።

የኢዮብ ሦስት ወዳጆች መጀመሪያ ላይ መልካም አድርገው ነበር። ከሩቅ አገር መጡ፣ አለቀሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ። ስህተታቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ጀመረ። በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው ስለ እግዚአብሔር ተከራካሪ በሆኑት ላይ ነበር፤ እያማረረ የጠየቀው ኢዮብ ግን ቅን ነገር እንደተናገረ ተመሰከረለት። ስለዚህ ልጇን የቀበረች እናት «ለምን?» ብትል «ተይ፣ እግዚአብሔርን አትማረሪ» ብሎ ዝም ለማሰኘት አንቸኩል። ዳዊትም «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጸልዮአል፤ ይህንም ቃል ቤተ ክርስቲያን ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አላወጣችውም። ለእግዚአብሔር ብሶቱን የሚነግር ሰው ገና ወደ እሱ የሚመለከት ሰው ነው። «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያን ቃል መናገር የሚገባው ሐዘኑ የደረሰበት ሰው ነው፣ እሱም ጊዜው ሲደርስ።

ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘና የተራበ ወንድም ሲያይ «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚያሰናብተውን ሰው እምነት የሞተ ብሎታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በታኅሣሥ ሌሊት በሸራ ድንኳን ውስጥ ላደረ ተፈናቃይ «እሳት ሙቅ» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው።

በለቅሶ ጊዜ ደግሞ ሕዝባችን የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ሰው ለቀናት አብሮ ይቀመጣል። ጉድለቱ የሚታየው ከአርባው በኋላ ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ባሏ የሞተባት የገጠር ሴት ሰኔ ሲገባ የሚያርስላት ታጣለች። በሬ የላትም፤ ቢኖራትም የሚጠምድላት ልጅ አልደረሰም። መሬቷን ለእኩል ትሰጥና ከምርቱ ግማሹን ታጣለች፤ ወይም ለዘር በወለድ ትበደራለች። በዚያን ጊዜ የሰንበቴው ወይም የጽዋው ማኅበርተኞች ደቦ ወጥተው ማሳዋን በአንድ ቀን ቢያርሱላት፣ ዘሩንም ያለ ወለድ ቢያበድሯት፣ በመኸሩ የራሷን ምርት ወደ ራሷ ጎተራ ታስገባለች፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ዘርም ይቀርላታል።